የጂዛን ሠራተኛ ከማን ጋር ይደራደር?

በ2009 ዓ.ም. መስከረም አጋማሽ የሳዑዲ ዓረቢያ ካቢኔ የሚኒስትሮቹን ደመወዝ በ20 በመቶ ቀነሰ፤ የመንግሥት ሠራተኛውንም አበልና ጥቅማ ጥቅም ቆረጠ። የነዳጅ ዋጋ ወርዶ ካዝናው ጎድሎ ነበር። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ ንጉሥ ሰልማን በአንድ ትዕዛዝ የተቆረጠውን አበል መለሱ። ትዕዛዙ በየመን ይደረግ በነበረው ጦርነት ግንባር ለተሰለፉ ወታደሮችም የሁለት ወር ደመወዝ ጉርሻ ጨመረላቸው። በየመን ድንበር ላይ ያለችው ጂዛን የዚያ ግንባር ደጀን ነበረችና በሳምጣ፣ በጡዋልና በአቡ አሪሽ ገበያዎች ዜናው ምን ያህል እንዳስደሰተ መገመት አያስቸግርም።

ይሁን እንጂ ሲቆረጥ ሠራተኞቹን የጠየቃቸው የለም፤ ሲመለስም የተደራደረ የለም። ከላይ መጣ፣ ከላይ ሄደ፣ ከላይ ተመለሰ። በመንግሥቱ ውስጥ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ ወይም የገበያ ተቆጣጣሪ ከባልደረቦቹ ጋር ተሰብስቦ «ደመወዛችን ይህን ያህል ይሁን» ብሎ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጥበት ሕጋዊ መንገድ የለም። የሠራተኛ ማኅበር ክልክል ነው፣ የሥራ ማቆም አድማም እንዲሁ። ሳዑዲ ዓረቢያ የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87ንም፣ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚደነግገውን ቁጥር 98ንም አላጸደቀችም።

የተፈቀደ ነገር ቢኖር በ1993 ዓ.ም. የመጣው «የሠራተኞች ኮሚቴ» ነው። ከ100 በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ውስጥ ሊቋቋም ይችላል፤ አባላቱ ግን የሳዑዲ ዜጎች ብቻ መሆን አለባቸው። ሥራው ለአሠሪው ምክረ ሐሳብ ማቅረብ ነው፤ ሚኒስቴሩም ሆነ አሠሪው በስብሰባው ላይ ሰው ማስቀመጥ ይችላሉ፣ ካልተስማማውም ሚኒስቴሩ ያፈርሰዋል። መደራደር የሚባል ሥልጣን አልተሰጠውም። ከእነአካቴው ከሚቀር ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ ይህን ያህል አልተመኘሁትም፤ አሠሪው የተቀመጠበት የሠራተኛ ስብሰባ ቡና ከመጠጣት ያለፈ ነገር ሲወጣው አይታይም።

ሳዑዲዎች እንዲህ ያለውን መብት ጠይቀው አያውቁም ማለት ግን ስህተት ነው። በጥቅምት 1946 ዓ.ም. ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ በምሥራቁ የነዳጅ አካባቢ ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የአራምኮ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። ጥያቄያቸው የደመወዝና የመኖሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን የወከላቸው ኮሚቴ እንዲታወቅ ጭምር ነበር። መንግሥት መሪዎቹን አሰረ፤ ወዲያው ደግሞ ደመወዝ ከፍ እንዲልና ኑሮው እንዲሻሻል አደረገ። ገንዘቡን ሰጥቶ ጠረጴዛውን ነፈገ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሌላ አድማ ሲነሳ ደግሞ አድማን በእስር የሚያስቀጣ አዋጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው የሳዑዲ የሥራ ፖሊሲ በሙሉ ከዚህች ልውውጥ የተቀዳ ይመስለኛል፦ መስጠት ይቻላል፣ መጠየቅ ግን አይቻልም።

ይህ ሁሉ ስለ ዜጎቹ ነው። ወደ ጎዳናው ስንወርድ ነገሩ ይወሳሰባል።

የጂዛንን የባሕር ዳርቻ ጎዳና የሚጠርገው ሰው፣ አበሻው «በለዲያ» (ማዘጋጃ ቤት) እያለ የሚጠራው፣ ብዙውን ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ የከተማ ጽዳትን በጨረታ ለኩባንያ ይሰጣል፤ ኩባንያው ከባንግላዴሽ፣ ከሕንድና ከሌሎች አገራት ሰው ያመጣል። ጠራጊው የሚለብሰው የኩባንያውን ልብስ ነው፣ የሚጠርገው የመንግሥትን መንገድ ነው፣ ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የተያያዘው ከካፊሉ፣ ከዋሱ አሠሪ፣ ስም ጋር ነው። ደመወዙ ሲዘገይ ኩባንያውን ይጠይቃል፤ ኩባንያው «ማዘጋጃ ቤቱ አልከፈለኝም» ይላል። ማዘጋጃ ቤቱን ልጠይቅ ቢል «ውሌ ከኩባንያው ጋር ነው» ይባላል። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በጀቱን የሚጠብቀው ከሪያድ ነው። ደመወዙን በትክክል የወሰነው ቀን ጨረታው የተከፈተበት ቀን ነበር። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሲያሸንፍ የጠራጊው ደመወዝም አብሮ ተዘጋ፤ ሰውየው ያን ጊዜ ገና አገሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ማኅበር ቢኖረው እንኳን የሚደራደረው ባዶ ኪስ ካለው ሰው ጋር ነው።

ለውጭ ዜጋ ዝቅተኛ ደመወዝ አልተወሰነም። ለሳዑዲዎች የተቀመጠው 4 ሺህ ሪያል ራሱ ኩባንያው የዜጋ ኮታውን ሲያሟላ ሠራተኛውን እንደ አንድ ለመቁጠር የሚያገለግል መለኪያ ነው። በጋው ሲመጣ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ጥሩ ደንብ ነው። በጂዛን የባሕር ወበቅ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል፤ ሰዓቱ ለጂዛን ወደፊት ይሳብ ብሎ የሚከራከር የጠራጊዎች ተወካይ ግን ሊኖር አይችልም።

አበሻው ታዲያ የት ነው? በጽዳት ኩባንያዎቹም ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ አብዛኛው የደቡብ ድንበር ኢትዮጵያዊ ግን ከዚህም በታች ነው። ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ በጀልባ፣ ከየመን በእግር፣ በሀረድ ወይም በሰዓዳ ተራሮች በኩል የሚገባው ወጣት መጀመሪያ የሚያገኘው መሬት ጂዛን ነው። ከራያ ቆቦ፣ ከከሚሴ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ የመጣ ነው። ሥራው ፍየል መጠበቅ፣ እርሻ መቆፈር፣ ግንበኛ መርዳት ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ ቤት ውስጥ ይቀጠራሉ። የሳዑዲ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛንና እረኛን ከጥላው ውጭ አድርጓል፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሥራ ላይ የዋለው የካፋላ (የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት) ማሻሻያም እነዚህኑ አልነካቸውም። ወረቀት የሌለው ደግሞ ከሁሉም ውጭ ነው። በዚህ ድንበር መንገድ ላይ የደረሰውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ዘርዝሯል፤ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ይላል፣ የሳዑዲ መንግሥት ክዷል። በጥይት መካከል ያለፈን ሰው ስለ ኅብረት ድርድር ማናገር ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ያ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ፍየል እየጠበቀ ደመወዝ የሚለምን ሠራተኛ ነው፤ ጥያቄውም የሠራተኛ ጥያቄ ነው።

በጂዛን የዳየር ተራሮችና በወሎ ከተሞች መካከል በየምሽቱ በኢሞ የስልክ መተግበሪያ የሚደረገው ንግግር ብዙ ጊዜ የሚከተለውን ይመስላል።

«እትዬ፣ ደመወዝ ገባ?»

«ገባ፣ ግን ቆርጠውታል። ለምን ብለን ብንጠይቅ ከላይ ነው አሉን። የአንተስ?»

«ለኢድ እሰጥሃለሁ ብሎኛል።»

«እና አትጠይቀውም?»

«ብጠይቀው ሹርጣ ይጠራብኛል። አንቺስ አትጠይቂም?»

እህት የወረዳ ጤና ጣቢያ ነርስ ነች፣ ዲፕሎማ አላት፣ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ነች። ወንድም እረኛ ነው፣ ኢቃማ የለውም። በብዙ ነገር አይገናኙም። በአንድ ነገር ግን እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ደመወዛቸውን ከሚወስነው ሰው ጋር ተቀምጠው አያውቁም።

እዚህ ላይ ሳዑዲን እየወቀሱ ራስን ማለፍ አይገባም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀትና የመደራደር መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ የትኞቹ እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል ይላል። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በኅዳር 1987 ዓ.ም. ነው። ያ ሕግ እስከ ዛሬ አልወጣም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከራሱ ውጭ አድርጎ ለልዩ ሕጋቸው ይተዋቸዋል። ልዩ ሕጋቸው የሆነው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደግሞ ስለ ቅጥር፣ ስለ ዝውውር፣ ስለ ዲሲፕሊንና ስለ ፈቃድ በዝርዝር ያወራል እንጂ የኅብረት ድርድር ሥርዓት አልዘረጋም። አንዱ ሕግ ወደ ሌላው ይልካል፣ ሌላው ዝም ይላል። አሥር ሠራተኛ ያለው የግል ሆቴል ማኅበር ያቋቁማል፤ መቶ ነርስ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል አያቋቁምም።

ኢትዮጵያ ስምምነት ቁጥር 98ን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1963 በጃንሆይ ዘመን ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 6 በአገር አስተዳደር ሥራ የተሰማሩ የመንግሥት ሹማምንትን አይመለከትም ይላልና መንግሥታት ብዙ ጊዜ በዚህች በር ሾልከው ለመውጣት ይሞክራሉ። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባለሙያዎች ትርጓሜ ግን ጠባብ ነው፤ ውጭ የሚሆኑት በሚኒስቴርና በመሰል መሥሪያ ቤት የመንግሥትን ሥልጣን የሚያንቀሳቅሱት ናቸው። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ፣ መምህር፣ የመንግሥት ድርጅት ሠራተኛ መብቱ ይገባዋል። የኢትዮጵያ መምህራን ጉዳይ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ለብዙ ዓመታት ተመላልሷል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በኑሮ ጉዳይ ጥያቄ አቅርበው መልስ ሲያጡ በከፊል ሥራ አቆሙ። መንግሥት አድማውን ሕገ ወጥ አለው፤ የታሰሩም ነበሩ። ሕገ ወጥ መባሉ አይገርምም፤ ሕጋዊ የሚሆንበት መንገድ አልተሠራምና። ሐኪም ሥራ ሲያቆም የሚጎዳው በሽተኛ ነው የሚለው ክርክር እውነት አለው፣ ቀላልም አይደለም። ግን ይኸው ክርክር ድርድር ያስፈልጋል ለሚለው ወገን ይበልጥ ይሠራል፤ አድማው ባይፈቀድ እንኳን በምትኩ የግልግል ጉባኤ፣ የአደራዳሪ ወንበር፣ በቀን የተገደበ የመልስ ጊዜ ሊሰጥ ይገባል። አድማውንም ድርድሩንም ባንድ ላይ መከልከል ግን ሰው እስኪፈነዳ መጠበቅ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በነሐሴ፣ የደመወዝ ጭማሪ ተነገረ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ መነሻው ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። ትንሽ ጭማሪ አይደለም። አመጣጡ ግን የሪያዱን የ2009 ሚያዝያ ትዕዛዝ ይመስላል። መጠኑን፣ ቀኑንና እርከኑን የወሰነው አንድ ወገን ነው፤ የኑሮ ውድነቱ በሚቀጥለው ዓመት ጭማሪውን ቢበላው ሠራተኛው ተነስቶ የሚጠቅሰው የተፈረመ ወረቀት የለውም።

የአካባቢ መንግሥት ሠራተኛ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ። በአገራችን መምህሩና ነርሱ በአብዛኛው የወረዳ ሠራተኛ ነው። የወረዳው አስተዳዳሪ ጥሩ ሰው ሆኖ ልደራደር ቢል እንኳን ምን ይዞ ይደራደራል? ገንዘቡ ከክልል በጥቅል በጀት ይመጣል፣ ክልሉም ከፌዴራል ድጎማ ይጠብቃል፣ የደመወዝ እርከኑ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። በወላይታ ዞን በ2016 ዓ.ም. መምህራን ደመወዛችን በወቅቱ አልተከፈለም ብለው አቤት ሲሉ የተሰማው መልስም ከበጀት እጥረት ጋር የተያያዘ ነበር። የጂዛኑ ጠራጊ ከኩባንያ ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ሪያድ እንደሚገፋው ሁሉ የወረዳው ነርስም ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ትገፋለች። ስለዚህ «የመደራደር መብት ይሰጠን» ማለት ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ «ቦርሳውን ከያዘው ጋር አስቀምጡን» ነው። ለእያንዳንዱ ወረዳ ማኅበር ፈቅዶ የደመወዙን ሥልጣን ላይ ማስቀረት ማኅበሩን ከወረዳው ካቢኔ ጋር ከማጣላት በቀር ፋይዳ የለውም። ድርድሩ በክልልና በፌዴራል ደረጃ፣ የወረዳ ሠራተኞች ተወካይ ባለበት መሆን አለበት።

አሁን ወደ ጂዛን እንመለስ፤ ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙበት አንድ ሰነድ አለ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኞች ቅጥር ስምምነት ፈረሙ። በዚህ መስመር ለሚሄዱት የተቀመጠው ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው። ነገሩን በሥራ ሕግ ዓይን ስናየው ይህ በሳዑዲ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ያላት ብቸኛ የኅብረት ስምምነት ነው፤ ደመወዝ፣ የሥራ ሁኔታና የክርክር መፍቻ በጅምላ የተወሰኑበት። የተደራደሩላት ግን ሁለት መንግሥታት ናቸው፤ ሁለቱም የራሳቸውን ጸሐፊና ነርስ ለድርድር አስቀምጠው የማያውቁ። በራሱ ቤት ያልለመደውን ሥራ ሰው በውጭ ጥሩ አድርጎ ይሠራዋል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ውጤቱም ያንን ያሳያል። ፊሊፒንስ ለዜጎቿ 400 ዶላር፣ ማለትም 1,500 ሪያል ታስከፍል ነበር። ለተመሳሳይ ቤት፣ ለተመሳሳይ ወጥ ቤት፣ ለተመሳሳይ ሕፃን የ500 ሪያል ልዩነት የመጣው ከምግብ አበሳሰል ችሎታ አይደለም። ማኒላ መቼ «አንልክም» እንደሚባልና ለምን እንደሚባል ታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ያልተከፈለ የግንባታ ሠራተኞች ደመወዝ ጉዳይ ስላልተፈታ ወደ ሳዑዲ መላክ አቁማ፣ ንግግሩ ከተሳካ በኋላ በኅዳር 2022 ጀመረች። ይህ በመንግሥት እጅ የተደረገ አድማ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥያቄ ነበረው፣ ማብቂያ ነበረው። ኢትዮጵያም በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞ አግዳ ነበር፣ እስከ ጥር 2010። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አባርራለች፤ እገዳው የድንጋጤ ውጤት ነበር። እገዳው ከሌላው ወገን ምን ተቀብሎ እንደሚነሳ ግን በግልጽ አልታወቀም። መደበኛው በር ለአራት ዓመት ተዘግቶ ሲቆይ የጂዛን ጎን በር ተጨናነቀ፤ ደላላው ነው የጠቀመው።

አንድ ሌላ ሒሳብ አለ። 1,000 ሪያል 267 ዶላር ገደማ ነው፤ ሪያሉ ለዶላር በ3.75 የታሰረ ነው። በ2010 በባንክ ምንዛሪ ወደ 7,300 ብር ይሆን ነበር። በ2017 መጨረሻ ዶላሩ ወደ 140 ብር ሲጠጋ ያው ሺህ ሪያል ከ37 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ከአዲሱ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የቤት ሠራተኛዋ አንድ ሪያል አልተጨመረላትም፤ የነርሷ ብር ነው የወደቀው። ሁለቱንም ማንም አልተደራደረበትም፣ ውጤቱ ግን ወጣቶቹን ወደ አንድ አቅጣጫ እየገፋ ነው፤ ከወረዳ ቢሮ ወደ ኤጀንሲ፣ የኤጀንሲ ክፍያና ወረፋ ያልተቻለው ደግሞ ወደ ኦቦክ።

በባሕረ ሰላጤው ይህ ሁሉ የባህል ጉዳይ ነው ለሚለው መልሱ ኩዌት ነው። እዚያ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራት ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሕግ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 የጉምሩክ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው የወደብ ሥራ አስተጓጉለዋል፣ መንግሥቱም አልፈረሰም። የውጭ ሠራተኛ በእነዚያ ማኅበራት ውስጥ ያለው ቦታ ግን ጠባብ ነው። ዜጋው ሲደራደር የሚያስታውሰው ራሱን ነው፤ የኩዌት ተሞክሮ ለጂዛኑ ጠራጊም ሆነ ለእረኛው ሙሉ መፍትሔ አይሆንም።

የሳዑዲ የሥራ ሕግ በቅርቡ ተሻሽሏል፤ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ጀምሮ የወሊድ ፈቃድ 12 ሳምንት ሆኗል፣ ሌሎችም ለውጦች አሉ። ስለ ማኅበር የተነካ ነገር የለም። በዚያው ዓመት ሰኔ የበርካታ አገራት የሠራተኛ ተወካዮች በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጉባኤ በሳዑዲ ላይ የግዳጅ ሥራ ቅሬታ አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. የ2034 የዓለም ዋንጫ እዚያ ስለሚካሄድ ጫናው የሚቀንስ አይመስልም። ጫናው ግን የሚያርፈው ስታዲየም በሚሠራባቸው ከተሞች ላይ ይሆናል፤ ዳየርና ሳምጣ ካሜራ የሚደርስባቸው ቦታዎች አይደሉም።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ ሠራተኛ በእጅ ያለው መሣሪያ ያ የሁለትዮሽ ስምምነት ነው። ቀጣዩ ድርድር ሲመጣ ሦስት ነገር ቢጠየቅ ብዬ አስባለሁ። አንደኛው፣ ደመወዙ በሪያል እንደተቸነከረ እንዳይቆይ በየሁለት ዓመቱ የሚከለስበት አንቀጽ። ሁለተኛው፣ እረኛውና የእርሻ ሠራተኛው በስምምነቱ እንዲካተት፤ በጂዛን ያለው አበሻ በአብዛኛው እሱ ነውና ወረቀት የሚያገኝበት መንገድ ካልተከፈተለት በተራራው መምጣቱን አይተውም። ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ በኢትዮጵያ በኩል ከሚቀመጡት ሰዎች መካከል የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ተወካይና ከሳዑዲ የተመለሱ ሴቶች እንዲኖሩበት። ኢሠማኮ ግን እነሱን ወክሎ እንዲቀመጥ አባሎቹ ሊሆኑ ይገባል፤ የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ደግሞ ማኅበርን የሚያስበው አሠሪው እዚሁ አገር ካለበት ድርጅት ጋር አያይዞ ነው። ተጓዦቹ ከመሄዳቸው በፊት የሙያ ሥልጠና ወስደው ፈተና ይፈተናሉ። በዚያ ሥልጠና ላይ የማኅበር አባልነት ቅጽ ሞልተው ቢሄዱ፣ ሳዑዲ ከገቡ በኋላ መደራጀት ቢከለከሉም አገር ቤት በስማቸው የሚናገር ይኖራቸዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያወጣው የሕግ ማሻሻያ ነው። ይኸው ምክር ቤት ግን የአንቀጽ 42ን የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም ገና አላወጣም።